አክሱምን ለማጥናት የትኛው ዲፓርትመንት ልግባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች! ሰሞኑን ስለ ጥንታዊ ታሪክ ትምህርት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርከት ብለው ደርሰውኛል። ከተማሪም፣ ከወላጅም፣ ከውጭ አገርም። አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት አክሱምን ስለሆነ እኔም እዚያው ላይ ልቆይ። ስም እንደተለመደው አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፍሬሽማን ነኝ፣ ሶሻል ሳይንስ። ከልጅነቴ ጀምሮ አክሱም አክሱም እያልኩ ነው ያደግኩት። ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። እኔ ታሪክ ልገባ አስቤ ነበር። ጓደኞቼ “አርኪኦሎጂ ነው የሚሻልሽ” አሉኝ። አጎቴ ደግሞ “ግእዝ ካላወቅሽ ምኑን አወቅሽው” ይላል። ሁሉም እውነት መሰለኝ። የቱን ልምረጥ? (ግራ የገባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርት በየሕንፃው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አክሱም ግን ለአንዱ ሕንፃ ብቻ ተለይታ አልተሰጠችም።

እስቲ አንድ ትንሽ ነገር ይዘን እንየው። የ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ውሰጂ። ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ነው። በሁለቱም ፊት የንጉሡ ምስል አለ፤ በአንዱ ፊት ዘውድ ደፍቷል፣ በሌላው ራሱን በጨርቅ አስሯል። ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ይዞታል። ዳር ዳሩን የግሪክ ፊደል ይዞረዋል። በላዩ ደግሞ እንደ ዘመኑ ወይ ጨረቃና ክብ አለ፣ ወይ መስቀል።

ጽሑፉን ለማንበብ ግሪክኛ ያስፈልጋል። ብሩንና መዳቡን ስታነሺ ግን ጽሑፉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ግእዝ እየሄደ ታገኚዋለሽ፤ አጎትሽ እዚህ ጋ ልክ ናቸው። ታዲያ ወርቁ ግሪክኛ፣ መዳቡ ግእዝ የሆነው ለምንድን ነው? ይሄን ስትጠይቂ የንግድ ታሪክ ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። የወርቁ ሳንቲም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ አልፎም ሕንድ ድረስ ተገኝቷል። መዳቡ በብዛት የሚገኘው እዚሁ በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ነው። ወርቁ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር መገበያያ ነበር፣ መዳቡ ደግሞ የገበያ ዝርዝር። አንዳንዱ መዳብ ላይ እንዲያውም “ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ” የሚል ቃል በግሪክኛ ተቀርጿል፤ ንጉሥ ለሕዝቡ በሳንቲም ላይ ሲናገር ማለት ነው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ኬሚስቱ ይመጣል። ሳንቲም በማስቀረጽ የመጀመሪያው የሆነው ንጉሥ ኢንዱቢስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሲያስቀርጽ ወርቁ ንጹሕ ሊባል የሚችል ነበር። በኋለኞቹ ነገሥታት ጊዜ ግን ጥራቱ እየወረደ ሄደ። ይሄን በዓይን ብቻ አይተሽ አታውቂውም። የትኛውም ዜና መዋዕል ላይም አልተጻፈም። የሚነግርሽ ልኬት ነው። መንግሥቱ ወርቅ እያጠረው ነበር ወይ የሚለውን ትልቅ የታሪክ ጥያቄ መጀመሪያ የሚያነሳው ላብራቶሪው ነው ማለት ነው።

ጨረቃውና መስቀሉስ? ንጉሥ ዒዛና መጀመሪያ ያስቀረጻቸው ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክቡ አለ፣ በኋላ ያስቀረጻቸው ላይ መስቀሉ። በዓለም ላይ መስቀል ካረፈባቸው ቀደምት ሳንቲሞች መካከል ናቸው። የሃይማኖት ለውጡን እጅ ላይ በሚይዙት ዕቃ ማየት ይቻላል።

ዛላውስ ስንዴ ነው ወይስ ገብስ? እስካሁን ያከራክራል። እዚህ ላይ የዕፅዋት አጥኚ ትፈለጋለች። ሥራዋን አይተሽው ከሆነ አትረሺውም። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በባልዲ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። አፈሩ ይሰጥማል፣ በጥንቱ እሳት የከሰለው ዘር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እሱን በደቃቅ ወንፊት አጥልለው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይለቅሙታል። በአክሱም አካባቢ በተደረጉ ቁፋሮዎች ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ተልባ የተገኙት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ጤፍ ምን ያህል እንደምታንስ ታውቂያለሽ፤ በአካፋ ብቻ የሚሠራ ቆፋሪ ጤፏን አፈር ነው ብሎ ይደፋታል።

ይሄ ሁሉ ግን ሳንቲሙ የት እንደተገኘ ካልታወቀ ግማሹ ከንቱ ነው። ከየትኛው ንብርብር ወጣ? አጠገቡ ምን ዓይነት ገል ነበር? ቤት ነው፣ መቃብር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን? ይሄ የአርኪኦሎጂስት ድርሻ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫሽ። እኔ አንቺን ብሆን አርኪኦሎጂ እገባለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ታሪክን በማንበብ ብዙ መራመድ ይቻላል፤ ቤተ መጻሕፍት ካለሽና ትጋት ካለሽ በራስሽ ትሄጃለሽ። ቁፋሮን ግን ብቻሽን መማር አይቻልም፤ ሜዳ ላይ፣ ከሚያርምሽ ሰው አጠገብ ተንበርክከሽ ነው የምትማሪው። ግእዝን ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሪ። ዲፓርትመንት እስኪመደብልሽ አትጠብቂ። ቋንቋ በአንድ ሴሚስተር አይያዝም፣ ዓመታት ይፈልጋል። ደሴ ውስጥ የሚያስተምርሽ ሊቅ አታጪም።

ሜዳ መዋል የማይሆንልሽ ከሆነ ግን፣ ፀሐዩና አቧራው ካስጠላሽ፣ ከጽሑፍ ጋር ቁጭ ብለሽ መዋል የምትወጂ ከሆነ፣ ፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎችና ቅጂዎች ጥናት) ወይም ታሪክ ይሻልሻል። ዋናው በየቀኑ የምትሠሪውን ሥራ መውደድሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ከሁሉም ቆንጥረሽ አንዱንም ሳትይዢ እንዳትቀሪ። አንዱን ሙያ ጥርስሽን ነክሰሽ ተማሪው። የሌሎቹን ደግሞ ባለሙያዎቹ ሲያወሩ የሚገባሽንና ጥያቄ ልትጠይቂ የምትችዪውን ያህል እወቂ።

ጥያቄ፦ ልጄ አርኪኦሎጂ ገባሁ ብሎ ደወለልን። እናቱም እኔም ደነገጥን። ውጤቱ አካውንቲንግም ኮምፒውተር ሳይንስም ያስገባው ነበር። ድንጋይ ቆፍሮ ምን ሊበላ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልመልሰው ወይ? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የአባት ስጋት ነው፣ ይገባኛል። እውነቱን ንገሩኝ ስላሉ ልንገርዎ። ሀብታም የሚያደርግ ሙያ አይደለም። የመንግሥት ቅጥር ቦታው ጠባብ ነው። ሥራውም በአገር ሰላም ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ይካሄድ የነበረው የመስክ ጥናት ተቋርጦ ብዙ ሰው ሥራውን ትቶ ወጥቷል።

ግን ሥራ የለም የሚሉት ነገር ትክክል አይደለም። የቅርስ ባለሥልጣን አለ፣ ሙዚየሞች አሉ፣ የክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ አስጎብኚ ድርጅቶች አሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የግንባታው ዘርፍ ነው። ለምሳሌ ዓለም ባንክ በሚያበድርባቸው ፕሮጀክቶች የባህል ቅርስ ጉዳይ ራሱን የቻለ መስፈርት አለው። መንገዱ ወይም ግድቡ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ላይ ቅርስ ይኖር እንደሆነ የሚያጠና ሰው ይቀጠራል። ዶዘሩ ድንገት የድሮ ግድግዳ ቢነካም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጻፋል። ይሄን የሚሠራው የእርስዎ ልጅ የሚማረውን የተማረ ሰው ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ቀረበት ብለው ከሆነ የተቆጩት፣ የዛሬ አርኪኦሎጂ በአካፋ ብቻ አይሠራም። ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ያስታውሱ የለ? ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዶት፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው። ያን የሚያህል ነገር መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ መታወቅ ነበረበት። መሬቱ ሳይቆፈር በጂኦፊዚክስ መሣሪያ ተፈተሸ፤ ያልታወቁ መቃብሮች እንዳሉም ታየ። ከዚያ በኋላ ነው መሐንዲሱ፣ አርኪኦሎጂስቱና የድንጋይ ጥገና ባለሙያው ተቀምጠው የተመካከሩት። ክብደቱ መቃብሮቹን እንዳይጫን፣ ሐውልቱም እንዳይሰነጠቅ። በ2000 ዓ.ም. ቆሞ በነሐሴ ወር ተመረቀ። አንዱ ሙያ ብቻውን ቢሆን አያቆመውም ነበር።

ስለዚህ አይመልሱት። ግን ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁት። ጂ.አይ.ኤስ. ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራት እየተማርክ ነው ወይ? በክረምት ሜዳ የሚወጣ ቡድን ውስጥ ትገባለህ ወይ? እንግሊዝኛ ጽሑፍህ ሪፖርት ለመጻፍ ይበቃል ወይ? ሦስቱንም አዎ ካለዎት ይመርቁት። የሚያመነታበት ካለ ደግሞ እዚያች ላይ እንዲበረታ ይጫኑት።

ጥያቄ፦ የናቹራል ተማሪ ነኝ። ምደባው ጂኦሎጂ ላይ ጣለኝ። ልቤ ግን ጥንታዊ ታሪክ ላይ ነው። አሁን 2ኛ ዓመት ደርሻለሁ። በቃ ቀረብኝ ማለት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ምን ቀረብህ! ወንድሜ፣ አንተ የያዝከው አክሱም ላይ በጣም የሚፈለገውን ነው።

ከትልቁ ሐውልት ጀምር፣ ከወደቀው። 33 ሜትር ርዝመት፣ 520 ቶን ገደማ ክብደት። ድንጋዩ ግራናይት እየተባለ ይወራል፤ ጂኦሎጂስት ቀርቦ ሲያየው ግን ኔፊሊን ሳየናይት የሚባል፣ ግራናይት የሚመስል ሌላ ዓለት ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጎቦ ዱራ የሚባለው የድንጋይ ማውጫ አለ። እዚያ ብትሄድ ሥራው ትናንት የቆመ ይመስልሃል። አለቱ ላይ በተርታ የተፈለፈሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ሽብልቅ የሚገባባቸው ናቸው። መሥመሩን ተከትሎ አለቱ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ መሥመር ተጀምሮ የቀረ ነው፤ ቀዳዳው አለ፣ ድንጋዩ አልተላቀቀም። ለምን እዚያ ጋ ተዉት? አለቱ ውስጥ ስንጥቅ አይተው ይሆን? ይሄን ጥያቄ ከአንተ የተሻለ የሚመልስ የታሪክ ተማሪ የለም።

ከዚያ አክሱም ለምን ተዳከመች የሚለው አለ። ይሄ ክርክር የተጧጧፈው በአፈር ላይ ነው ብልህ ታምነኛለህ? ካርል ቡትዘር የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ሕዝቡ በዝቶ፣ መሬቱ ያለ ዕረፍት ታርሶ፣ ዛፉ ተመንጥሮ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ዝናቡም ከድቶ ነው አለ። ብዙ መጽሐፍ ይሄን ተቀብሎ ደገመው። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ሸለቆዎቹ ተመልሰው የአፈሩን ንብርብር በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የጠበቁትን ያህል የከፋ መታጠብ አላገኙም፤ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ተረጋግቶ የቆየ ነው አሉ። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ያነሳሉ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፋርስ የመንን ያዘች፣ በ7ኛው ደግሞ የቀይ ባሕሩ ንግድ መልክ ተለወጠ። እኔ በአፈሩም በንግዱም በኩል ያሉት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ይሄ ነገር አይፈታም ባይ ነኝ። የወንዝ ደለል ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ ጂኦሎጂስት ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ላይ በጣም ያስፈልጋል።

አሁን ምን ታድርግ? የመመረቂያ ጽሑፍህን ቅርስ ላይ አድርገው። የላሊበላ ድንጋይ ለምን ይሰነጠቃል? የፋሲል ግንብ ኖራ ከምን ተሠራ? ጎንደር ውስጥ ሆነህ ርዕስ አይጠፋህም። ከአርኪኦሎጂ ወይም ከቅርስ ጥበቃ ዲፓርትመንት አንድ መምህር ፈልገህ ሁለተኛ አማካሪ ይሁንህ። ትንሽ ግራ ይገባቸው ይሆናል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ደስ ብሏቸው ይቀበሉሃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሲያርስ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወጣለት። አንድ ነጋዴ መጥቶ ልግዛህ እያለ ያግባባዋል። ምን እናድርግ? (ከአድዋ አካባቢ)

መልስ፦ አትሽጡ። አታጥቡት፣ ፊደሉንም በሚስማር አትፈልፍሉት። ከተቻለ ካለበት አታንቀሳቅሱት። በስልክ ፎቶ አንሱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት፤ መሸጡ ያስጠይቃል። ከሕጉ በላይ ግን ይሄን አስቡ፤ ያ ድንጋይ ነጋዴው ቤት ከገባ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። የዒዛናን የድል ጽሑፍ የያዘ አንድ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1981 ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ዛሬም እዚያው አክሱም በትንሽ ቤት ተጠልሎ ይታያል፤ ከዓለም ዳርቻ እየመጡ ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ክላሲክስ የሚባል ትማራለች። ግሪክና ሮም ብቻ ነው። “የእኛን አገር የሚያነሳ የለም” ብላ ከፍቷታል፤ ልቀይር ትላለች። ምን ልምከራት? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የከፋት በምክንያት ነው። ግን እንዳትወጣ ይምከሯት። የያዘችው ግሪክኛ ለእኛ አገር ታሪክ ቁልፍ ነው።

ቅድም ያነሳሁት የዒዛና ጽሑፍ ለምሳሌ አንዱን ዘመቻ ሦስት ጊዜ ይተርካል፤ በግሪክኛ፣ በግእዝ፣ ደግሞም በሳባ ፊደል በተጻፈ ግእዝ። ጊዜው ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ነው። ግሪክኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ንጉሡ ራሱን የአሬስ ልጅ ነኝ ሲል ያገኘዋል፣ ያ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ግእዙ ላይ ግን ያለው ማሕረም ነው፣ የአክሱሞች የራሳቸው የጥንት አምላክ። አንዱን ብቻ የያዘ ተማሪ አክሱሞች የግሪክ አምላክ ያመልኩ ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱንም የያዘች ልጅ ግን ንጉሡ ለውጭ ሰው በሚገባው መንገድ፣ ለአገሩ ሰው ደግሞ በራሱ መንገድ እየተናገረ መሆኑን ታያለች። ስንት ሰው ነው ዛሬ ሁለቱንም የሚያነብ?

ሌላም አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ የአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ ወደነበረችው አዱሊስ ደርሶ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ አንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተጻፈውን ግሪክኛ ገልብጧል። ዙፋኑ ዛሬ የለም። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን የዘረዘረበት ያ ጽሑፍ የቀረልን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። ለክላሲክስ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ይሄው! መምህሮቿም እምቢ ለማለት ይቸግራቸዋል፤ ቋንቋው ግሪክኛ ነው፣ ዘመኑ የእነሱ ዘመን ነው።

ግእዙን ደግሞ ከጎን ትጀምር። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ግእዝ ያስተምራል፤ ማኅበረሰባችን ገንዘብ አዋጥቶ፣ ዘፋኙ ዘ ዊኬንድም 50 ሺህ ዶላር ሰጥቶ የቆመ ነው። ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥም ትልቅ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ። አሜሪካ ውስጥ የሃይማኖት ጥናት ወይም የዕብራይስጥ መጻሕፍት ትምህርት ያለባቸው ኮሌጆችም ግእዝ የሚያውቅ መምህር ሊኖራቸው ይችላል። ለምን ቢሉ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኘው የሄኖክ አረማይክ ቁርጥራጭ ነው፤ እሱንም ቦታ ቦታ ለማስያዝ ሊቃውንቱ የተደገፉት በእኛ አባቶች ብራና ነው።

ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ደግሞ ተማሪው የራሱን ሜጀር ከሁለት ሦስት ዲፓርትመንት አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳሉ። ከክላሲክስ፣ ከአፍሪካ ጥናትና ከአርኪኦሎጂ ኮርስ መርጣ በአንድ ገጽ ዕቅድ ትጻፍ፣ ሁለት መምህር ታስፈርም። ዕቅዱ ላይ ግልጽ ጥያቄ ይኑራት፤ “ኢትዮጵያን እወዳለሁ” አይበቃም። “የአክሱም ነገሥታት በግሪክኛ ለማን ነበር የሚጽፉት?” ብትል ግን ጆሮ ታገኛለች። ቅዳሜና እሁድም ቤተ ክርስቲያን ግእዝ የሚያስተምር ካህን ካለ ይላኳት። ፊደሉን ቤት ውስጥ ከእርስዎ ተምራ ከሆነማ የአንድ ወር ሥራ ተቃለለላት።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛ ዲግሪ ያዝኩ። ፊሎሎጂ በማስተርስ ልማር እፈልጋለሁ። ግን ያ የአብነት ትምህርቴ እዚያ ዋጋ አለው ወይስ እንደ አዲስ ልጀምር ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ዋጋ አለው ብቻ? ሌላው ተማሪ ሦስት ዓመት ለፍቶ የሚደርስበት ቦታ አንተ ቆመህ ትጠብቀዋለህ። ሰዋስውን በቅኔ ያሸ ሰው አንድ ግሥ ቢበላሽ ጆሮው ይቆጠቁጠዋል። ይሄ በኮርስ አይሰጥም።

አዲስ የሚሆንብህ ሌላ ነው። የድሮ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ አናባቢ የለም፤ ፊደሉ ሁሉ ግእዙ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው። “ዒዛና ንጉሠ አክሱም” የሚለው “ዐዘነ ነገሠ አከሰመ” ሆኖ ይጠብቅሃል። ካዕብ ሳልሱ በጽሑፍ መታየት የሚጀምረው እዚያው በዒዛና ዘመን ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገር ቅጂ ማነጻጸር ነው። የአብነት መምህርህ ትክክለኛውን ንባብ ይነግሩሃል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አምስት ብራና ዘርግቶ የሚለያዩበትን ሁሉ መዝግብ፣ ከዚያ የትኛው ቀደመ የሚለውን በማስረጃ አሳይ ይልሃል። መጀመሪያ መምህርህን እንደመድፈር ሊሰማህ ይችላል። መድፈር አይደለም። አባቶችም ሲጽፉ ዳር ላይ ያርሙ ነበር።

የአባ ገሪማ ወንጌልን ነገር ታውቅ ይሆናል፣ አድዋ አጠገብ ካለው ገዳም። ገዳሙ ጥንታዊ ነው እያለ ሲጠብቀው፣ ብዙ የውጭ ሊቃውንት ሥዕሉን አይተው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው ይሉ ነበር። ከብራናው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ኦክስፎርድ ዕድሜው በካርቦን ሲለካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። የገዳሙ ትውፊት ላብራቶሪው ካወጣው ዘመን ጋር ተቀራረበ። ግን ልብ በል፤ ካርቦኑ የለካው ቆዳውን ነው፣ ቀለሙን አይደለም። ፍየሉ የታረደበትን ዘመን ነው የነገረን። ጽሑፉ ከቆዳው ጋር እኩያ መሆኑን ለማሳየት የፊደሉን ቅርጽ፣ የቃሉን አጠቃቀም፣ የሥዕሉን አሠራር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ነው አንተ የምትገባው።

መንገዱ የተሄደበት ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ ካይሮ ሄደው፣ ጀርመን ቱቢንገን በ1962 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ ኋላ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ውስጥ ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን መጻሕፍት እያነበቡ ካታሎግ ሲጽፉ ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከተነሱት ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች ብዙው ዛሬ እዚያ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ ተመዝግበህ መግባት ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለህ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂን በማስተርስም በዶክትሬትም ይሰጣል። ከማመልከትህ በፊት እንግሊዝኛህን አጠናክር፣ ብዙው ጥናት በእሱ ነው የተጻፈው። ቀጥሎ ጀርመንኛ ወይም ጣሊያንኛ ብታክልበት ጥሩ ነው። ማመልከቻህ ላይ የቅኔ ቤት ዓመታትህን እንዳትደብቅ። አንዳንዱ “ዘመናዊ” አይመስልም ብሎ ይተወዋል። አንተ ግን ጻፈው፤ የት ደብር፣ ከየትኛው መምህር፣ ምን ምን እንደተማርክ። ከመጣህበት አካባቢ አንድ ያልታየ ብራና ካወቅህ ደግሞ አስቀድመህ የደብሩን አለቃ አስፈቅድና ርዕስህ አድርገው። ፎቶ ስታነሳ ገጽ አትዝለል፣ ባዶውንም ገጽ ሽፋኑንም አንሳ፤ ዳር ላይ የተጻፈች የመሬት ስጦታ ወይም የባለቤት ስም ብዙ ጊዜ ዘመኑን የምትናገረው እሷ ናት።